ቁልፉ ጋሽ ያፌት እጅ ነው

ኮምቦልቻ ውስጥ ደረጃ መውጣት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቁጭ ይላል። በየመታጠፊያው ለዚሁ የተሠራ አግዳሚ ወንበር አለ። ሰውየው ይቀመጥና መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ «ልወጣ ነው» ማለቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ ደረቱ ውስጥ ያለው ከበሮ ጠንከር፣ ፈጠን እያለ መምታት ይጀምራል። ያን ጊዜ ተነስቶ ይወጣል። ላይ ሲደርስ እንደገና ይቀመጥና መዳፉን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል፤ ይኼ ደግሞ «ደርሻለሁ» ነው። ከበሮው ረገብ ይላል። ተራ የሚጠብቁት ስለ ውኃው መጥፋት፣ ስለ ልጆቻቸው ትዳር እያወሩ ይቆያሉ። ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሕፃናትና ወጣቶች ብቻ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለሉ በአጠገባቸው ሽው ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹም በቅናት እያዩ «ቀስ በሉ እናንተ!» ይላሉ።

ከበሮ ልብን ለሚያስመታው ትንሽ መሣሪያ ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው። ጤና ቢሮ ያወጣለት ስም አንድ መስመር ይሞላ ነበር፤ ማንም አልያዘውም። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሁሉ ከበሮ ይገባለታል። ከዚያ ወዲያ ልቡ በገዛ ሐሳቡ አይመታም፤ የመቀመጫ ምት፣ የእግር ምት፣ የደረጃ ምት እየተባለ ከብሎኩ ሳጥን በሬዲዮ ይታዘዛል። ሰው በዚህ ምክንያት ረጅም ዕድሜ መኖር ጀመረ። ያፌቶች፣ ናትናኤሎች፣ ኪሩቤሎች ሸበቱ፤ ልጆቻቸውን ደግሞ ደብሪቱና ወርቅነህ ብለው ጠሩ።

የብሎክ ሰባት ሳጥን ያለው ምድር ቤት፣ የቅሬው ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚውን ድሮም የሚይዘው ቅሬው ነበር። መንግሥት ሳጥኖቹን ሲያድል «ቀባሪያቸው እናንተ ከሆናችሁ ጠባቂያቸውም እናንተው ሁኑ» ተባለና ሳጥኑ ከድስቶቹ ጎን ተቀመጠ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ያናግር ነበር። ከጤና ቢሮ የሚመጣው ትእዛዝም፣ ከደረጃው ወንበር የሚመጣው ጥያቄም እኩል ዘው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግር አልነበረውም። አንዳንድ ቀን ግን ሁለቱ እዚያው ቅጽበት ላይ ይገጣጠሙና የአንዱ ትእዛዝ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር ተደባልቆ ይጻፋል። ማንም ያላዘዘው ምት የአንድ ሰው ደረት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ሆኖ ሦስት ሰው ተቀበረ። ሦስቱም ቁጭ እንዳሉ ነው የሞቱት፤ አንደኛው ሻይ እየጠጣ ነበር።

የሳጥኑን ሬዲዮ የሚያዘውን ፕሮግራም፣ ድራይቨር የሚሉትን፣ ብሎኩ ውስጥ የሚያውቀው ኢንጂነር ከድር ብቻ ነው። ከድር ገና ሃምሳ ያልሞላው፣ ከበሮ የሌለው፣ ስለዚህም የሁሉ ሰው ተላላኪ የሆነ ጎልማሳ ነው። ከሦስተኛው ቀብር በኋላ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ተነስቶ ተናገረ።

«ግቢ ተከራይታችሁ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ» አለ። «ለግቢው ሁሉ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቁልፍ። ቁልፉ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ያነሳው ይገባል፣ ሌላው ውጭ ይጠብቃል። ሲወጣ መልሶ ይሰቅለዋል። ድራይቨሩ ውስጥ የማስገባው ይኸንኑ ነው። ቁልፍ የያዘ ከበሮ ብቻ ሬዲዮውን ያናግራል። ‹ትእዛዙ ደርሶኛል› ብሎ ሲመልስ ቁልፉን ይሰቅላል፣ ቀጣዩ ያነሳል። ሁለት እጅ ባንድ ጊዜ አይገባም።»

ከኋላ አንዱ «ገብቶ እንቅልፍ የወሰደውስ?» ሲል ስብሰባው ሳቅ በሳቅ ሆነ።

«ለሱ የጊዜ ገደብ አለው» አለ ከድር እሱም እየሳቀ። «ከቆየ ሳጥኑ ይነጥቀውና ሞቷል ብሎ ይዘጋዋል።»

ቁልፉ ገባ። ትእዛዝ መደባለቁ ቆመ፣ ሰው እፎይ አለ። ከዚያ እማማ ሔመን ከመሬት በታች ባለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ቁልፍ እንደያዙ ሬዲዮው በግድግዳው ውፍረት ጠፋባቸው። ሳጥኑ ጠበቀ ጠበቀና ሞተዋል ብሎ ዘጋቸው። ሲገኙ እጃቸው ላይ ሳሙናው ገና አልደረቀም። ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ማሽን ሰውን ሞተ አይልም ተባለ፤ የጊዜ ገደቡ ይነሳ፣ ቁልፍ ከሰው እጅ የሚወሰደው ሰው መሞቱን ሰው ሲመሰክር፣ ጥሩምባ ሲነፋ ብቻ ይሁን ተብሎ ተወሰነ።

«ባለቁልፉ ሞቶ ጥሩምባው ቢዘገይስ?» ብሎ ጠየቀ ከድር።

«ጥሩምባ መቼ ዘግይቶ ያውቃል!» አሉት።

እዚያ ከተቀመጡት ውስጥ መርዶ ደብቆ የማያውቅ፣ «ትንሽ አሞታል፣ ብቅ ብትይ» ብሎ ዘመድ ያላስመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለቱን ነገር ግን ማንም አላገናኘም፤ የቅሬው ጥሩምባ ነፊ ትርሲትም አላገናኘችም።

ትርሲት ሃምሳን ካለፈች ቆይታለች። ሰው ሲሞት ሳጥኑ ፊት ቆማ ትነፋለች፣ የሟቹን ስም ከነአባቱ ትጠራለች። ሳጥኑ የእሷን አነፋፍ ያውቃል፤ ሌላ ሰው ቢነፋው አይቀበልም። ጥሩምባው እንደተነፋ ስሙ ይሰረዛል፣ በዚያው ቅጽበት መርዶው ለሟቹ ቤተ ዘመድ ሁሉ በየስልካቸው ይደርሳል። ትርሲት ታዲያ የቅርብ ዘመዱ በሰው እቅፍ ውስጥ ሆኖ ሳይነገረው ነፍታ አታውቅም። እሷ የእናቷን ሞት የሰማችው በልጅነቷ፣ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ፣ መንገድ ላይ ከሚያልፍ ጥሩምባ ነበር። ስትጮህ የያዛት ሰው አልነበረም። ሥራውን የተቀበለች ቀን ለቅሬው ሊቀመንበር ለጋሽ ናትናኤል «በኔ ጥሩምባ ማንም ብቻውን ሆኖ አይሰማም» አለቻቸው። ይኸው ቃሏ ያስከብራት ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ትርሲት የቅሬውን አግዳሚዎች እየወለወለች ሳለ ባሏ ኪሩቤል ድንችና ሽንኩርት ተሸክሞ ከገበያ መጣ።

«አንቺ የሙታን ሹም፣ ምሳ ምን ልሥራልሽ?» አላት በሩ ላይ ቆሞ።

«የተገኘውን። ጨው ብቻ እንዳታበዛው።»

«ባበዛውስ? ደሞዜን ትቆርጫለሽ?» እያለ ሄደ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ፣ የደረጃ ምት ተሰጠውና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣ። ከኋላው ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ያፌት፣ ላይ ያለ ጎረቤት ሊጠይቁ፣ ቁጭ አሉ። እሳቸውም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ቁልፉ ደረሳቸው። ትእዛዙ እየገባ ሳለ ጋሽ ያፌት ወደ ግድግዳው ዘንበል አሉ፤ አልተቃኑም። ያገኛቸው ከድር ነው። ተሸክሞ ምድር ቤት ካለው ቤታቸው አስገባቸው፣ አስተኛቸው፣ በሩን ቆልፎ ወደ ሳጥኑ ሮጠ።

«እትዬ ትርሲት፣ ጋሽ ያፌት ዐርፈዋል» አላት። «የቆመ ልብ ‹ደርሶኛል› አይልም፤ ቁልፉ እጃቸው ላይ ነው።»

ትርሲት ልታለቅስ አፏን ይዛ ነበር። ከድር የሳጥኑን ትንሽ መስታወት አሳያት። ከላይ ያፌት ይላል። ከሥር የሚጠብቁት ስም ተደርድሯል፤ የመጀመሪያው ኪሩቤል ነው።

«ኪሩቤል ምን ይጠብቃል? ወጥቷል እኮ።»

«ወጥተዋል። ደርሻለሁ ብለው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። የመቀመጫ ምት የሚሰጣቸው አጡ።» ከድር ወደ ደረጃው አየ። «ልባቸው አሁንም ደረጃ እየወጣ ነው።»

ነገሩ የገባት ቀስ ብሎ ነው። ባሏ አራተኛ ፎቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ ልቡ ግን ድንች እንደተሸከመ ሽቅብ ይሮጣል፣ ቁልፉ እስኪለቀቅ ድረስም አያርፍም። እሷ ደግሞ እታች በመቀመጫ ምት ላይ ናት፤ በየክፍሉ ቀስ ብሎ ከመራመድ በላይ አያስችላትም። ወደሱ ልውጣ ብትል መሀል ላይ ትወድቃለች። ብትጠይቅም ተራዋ ከሱ በኋላ ነው።

«አንተ ክፈተው!» አለችው። «የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

«መክፈቻ እንዳይኖረው አደረግን እኮ፣ እትዬ። ከእማማ ሔመን በኋላ ማንም እጁን እንዳይሰድበት ብላችሁ። እኔም አልችልም። እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ትርሲት ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረደች። ያኔ ነው ጋሽ ናትናኤል በሩ ላይ የደረሱት። አረጋዊው ሊቀመንበር ፊታቸው ገርጥቶ ነበር።

«አስቀምጪው» አሏት። «ደብሪቱ ባቡር ላይ ናት።»

ደብሪቱ የጋሽ ያፌት አንድ ልጅ ናት፤ ሰመራ የፖታሽ ፋብሪካ ትሠራለች። እናቷ ከሞቱ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ አባቷን ልታይ ትመጣለች። ዛሬም ማልዳ ተነስታለች። ጥሩምባው ከተነፋ ባቡሩ ውስጥ፣ በማታውቀው ሰው መሀል ተቀምጣ፣ ከስልኳ ላይ ታነበዋለች።

«ኪሩቤል ወረፋ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለች ትርሲት። ወደ መስታወቱ አመለከተች።

ናትናኤል መስታወቱን አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ወግ ቢሆን ነገ ጎህ ሲቀድ ነበር የምንነግራት» አሉ። «ለኪሩቤል ስንል እሱን እንተወው። ትምጣ፣ እህል ትቅመስ፣ ወዲያው እንነግራታለን፣ ትነፊያለሽ። ከሰማች በኋላ ስንት ቀን እህል በአፏ እንደማይዞር ታውቂያለሽ። ባዶ ሆዷን አንነግራትም።»

ትርሲት ለባሏ ስልክ ደወለች። ከድር ቀድሞ ደውሎ ነግሮት ነበር፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እንዳትነፊ» አላት ገና ሳትጠይቀው። «ልጅቱ ብቻዋን ስልክ ላይ ታንብበው? ይኸን አንቺ ታደርጊዋለሽ?»

«አንተስ?»

«እኔማ ቁጭ ብያለሁ። ቁጭ ብሎ የሞተ ማን አለ?»

ሦስቱ ቁጭ ብለው እንደሞቱ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሆስፒታል ደወሉ። መልስ የሰጠችው ልጅ ትሑት ነበረች። ጥያቄው በብሎካችሁ ሳጥን ወረፋ ላይ ነው አለች፤ ወረፋ ላይ ያለ ከበሮ ከውጭ አይነካም፣ ሁለት እጅ ሲገባ ምን እንደሚከተል እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ተሸክማችሁት ብትመጡም መልሱ ያው ነው። ስለ ትዕግሥታቸው አመሰገነችና ዘጋች። ከዚያ በኋላ ብሎክ ሰባት ባለበት ቀረ። ሁለተኛ ፎቅ ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ላይም ታችም መሄድ አልቻሉም፤ ሰው ውኃ አቀበላቸው። ሰፈሩ የሚያውቀው ሳጥኑ መዘግየቱን ብቻ ነው። ከድር ግን ደረጃውን ሲመላለስ ዋለ፤ ሲወርድ ትርሲትን ዓይን ዓይኗን አያያትም ነበር።

ትርሲት በየመሀሉ ትደውላለች።

«የት ደረስክ?» ትለዋለች፣ የተለመደ ቀልዱን እንዲመልስላት ብላ።

«ስድስተኛ ፎቅ።»

«ብሎኩ እኮ አምስት ነው።»

«እንግዲያ ጣሪያውን አልፌዋለሁ።»

ሳቀች፤ ከሳቋ በኋላ ግንባሯን ሳጥኑ ላይ አስደግፋ አለቀሰች። ጥሩምባው ጭኗ ላይ ነበር። አንድ ትንፋሽ ነው። ደጋግማ ወደ አፏ አስጠጋችው፣ ደጋግማ ባቡሩ ውስጥ የተቀመጠችውን ልጅ አሰበች። ኪሩቤል እችላለሁ ብሏል፤ እሷም አመነችው፣ ወይም ማመን ፈለገች።

ባቡሩ ዘግይቶ ገባ። ደብሪቱ የትከሻ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በር ላይ ስትደርስ ጋሽ ናትናኤል ፈገግ ብለው ተቀበሏት፣ ሳሟት፣ ወደ አባቷ በር ሳታይ ክንዷን ይዘው ወደ ራሳቸው ቤት አስገቧት። ትርሲትና ከድርም ተከትለው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ጥብስና እንጀራ ቀርቧል።

«አባዬስ?» አለች ደብሪቱ።

«ለምርመራ ሆስፒታል ወርዷል። ምንም አይደል፣ የተለመደው ነው። ይመጣል። አንቺ እጅሽን ታጠቢና ብዪ።»

«ልሂድበት እንዴ?»

«የጠያቂ ሰዓት አይደለም፣ አያስገቡሽም። ብዪ።»

«ይምጣና አብረን እንበላለን» አለች፣ ሳህኑን በጨዋ ደንብ ገፋ አድርጋ። «እኔ መጥቼ ለብቻዬ በልቼ አላውቅም። ይቀየመኛል።»

«በሞቴ!»

«ጋሼ፣ አይማሉ እባክዎ። ባቡር ላይ ቆሎ ቀምሻለሁ። እጠብቀዋለሁ።»

ናትናኤል ጠቅልለው ወደ አፏ አስጠጉ። ፊቷን እየሳቀች አዞረች። ትርሲት «በኪሩቤል ሞት» ልትል ጀምራ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ልጅቱ እነሱን ትለምናለች፤ እናንተ ብሉ፣ እኔን ተዉኝ፣ ምን ሆናችሁ ዛሬ። ጥብሱ ቀዘቀዘ፣ ተወስዶ ሞቆ መጣ።

አባቷ ካልመጣ አትበላም። ካልበላች አይነግሯትም። ካልተነገራት ጥሩምባ አይነፋም፤ ጥሩምባ ካልተነፋ ቁልፉ ከአባቷ እጅ አይወጣም። ከድር እንዲህ ያለውን መያያዝ በፕሮግራም ውስጥ ብዙ ጊዜ አይቶ ፈትቷል። ሰዎች በደግነት ተቀምጠው ሲሠሩት ሲያይ ግን የመጀመሪያው ነበር፤ አንገቱን ደፋ።

የትርሲት ስልክ ጠራ። ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«የት ደረስክ?»

«ትርሲት» አለ ኪሩቤል። «ደከመኝ።»

አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ይኸን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ተመልሳ ገባች፣ ደብሪቱ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሁለት እጇን ያዘች።

«ደብሪቱዬ፣ አባትሽ የሉም። ዛሬ ረፋድ ላይ ዐርፈዋል።»

ልጅቱ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ «አባዬ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ኮሪደሩን ሞላው።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት!» አሉ ናትናኤል ብድግ ብለው። እጃቸው ተነስቶ ነበር። «እህል ሳትቀምስ! አንድ ጉርሻ እንኳ!»

«ይያዟት» አለች ትርሲት፣ ልጅቱን እቅፋቸው ውስጥ አስገብታ። ልታባብላት ይገባ ነበር፣ ታውቃለች። ትታት ወጣች።

ሳጥኑ ፊት ቆማ ነፋች። የመቀመጫ ምት ላይ ያለ ልብ ለጥሩምባ አይበቃም፤ ዓይኗ ጨለመ፣ በአንድ እጇ የድስቱን ጆሮ ያዘች። «ያፌት ሰሎሞን!» ብላ ጠራች። መስታወቱ ላይ የጋሽ ያፌት ስም ጠፋ። በናትናኤል ቤት የደብሪቱ ስልክ ሲጮህ ተሰማ። ቁልፉ ምስማሩ ላይ ተመለሰ ማለት ነው። ወዲያው ተነሳ፤ ከላይ ኪሩቤል የሚል ስም ወጣ።

«ደረሰው!» አለች።

ከድር አጠገቧ መጥቶ ቆሟል። ሌላ ጊዜ ስም ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚያልፈው። ከበሮው ደርሶኛል ይላል፣ ቀጣዩ ይወጣል። የኪሩቤል ስም አላለፈም።

«ለምን ይቆያል?»

«ሬዲዮው ነው። ብዙ ሰው ስለተጠራቀመ ነው» አለ ከድር። «አብሽሩ፣ አይዞዎት። እኔ ወጥቼ ልያቸው፣ እርስዎ ቁጭ ይበሉ።»

ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ትርሲት እስከ ደረጃው ድረስ ሄደች፤ እዚያ መቆም ነበረባት፣ ቆመች። ከሁለተኛ ፎቅ ሴትዮዋ «ልጄ፣ ተለቀቀ እንዴ? ከረፋድ ጀምሮ ቁጭ ብዬ እያዞረኝ ነው!» ብለው ተጣሩ። «ትንሽ ይታገሡ፣ እማማ» አለቻቸው ትርሲት።

ከድር ሲወርድ አልዘለለም። ደረጃውን አንድ አንድ እየረገጠ ወረደና በአጠገቧ አልፎ ናትናኤል ቤት ገባ። በሩ ገርበብ አለ። ሹክሹክታ ሰማች። የደብሪቱ ልቅሶ ድንገት ቆመ። ትርሲት ተመልሳ መስታወቱን አየች። ኪሩቤል ይላል። ከሥሩ የሚጠብቁት ስም ረዝሟል፤ የሴትዮዋም አለበት።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ናትናኤል ሳህን ይዘው ወጡ። ደብሪቱ ያልነካችው ጥብስ ነው፤ እንደገና ሞቋል። ቅድም ሊመቷት የነበሩት ሰው ፊት ላይ ቁጣ የሚባል የለም።

«ትርሲትዬ» አሏት። እንዲህ ጠርተዋት አያውቁም። «ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፍሽ አልዞረም። እስኪ ትንሽ ቅመሺ።»

«ኪሩቤልስ?»

«ደህና ነው። ደክሞት ጋደም ብሏል። አንቺ ብቻ ቅመሺ፣ በሞቴ።»

ከድር ከኋላቸው ግድግዳውን እያየ ነበር። ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ በሩ ላይ ቆመች። አሁን የተረዳች ልጅ ናት፤ መዋሸት አልቻለችም፤ መናገርም አልቻለችም። ወደ መሬት እያየች «ብዪ፣ እትዬ» አለቻት።

ትርሲት ሳህኑን አየች። ሁሉም ገባት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አራተኛ ፎቅ ድረስ በእንብርክኳ መውጣት አማራት። ሳህኑን ግድግዳው ላይ መወርወር አማራት። ከሁሉ ይልቅ ግን አለመብላት አማራት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስከ መጨረሻው አለመብላት። እሷ እስካልበላች ድረስ ማንም አይነግራትም፤ እስካልነገሯት ድረስ ኪሩቤል ደክሞት ጋደም ብሏል፣ ይነሳል፣ ጨው ያበዛል። ከላይ ሴትዮዋ እንደገና ተጣሩ። ድምፃቸው ቀድሞ ከነበረው ቀጥኗል።

እጇን ሰደደች። ጠቅልላ አፏ ውስጥ አደረገች፣ አላመጠች። ውኃ ሳትጠይቅ በግድ ዋጠችው። ከዚያ ጥሩምባውን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ አፉን ጠረገችና ናትናኤልን ቀና ብላ አየቻቸው።

«በላሁ» አለች። «አሁን ንገሩኝና ልንፋ። ሰው እየጠበቀ ነው።»